ከምረቃ በኋላ ባሕር ዳር ላይ ሥራ ስትፈልጉ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

የምረቃ ሰሞን ባሕር ዳር ታምራለች። ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ እስከ ጣና ዳር ጋውን የለበሰ፣ አበባ የያዘ፣ ከቤተሰቡ ጋር ፎቶ የሚነሳ ተማሪ ይሞላታል። ሁለት ወር ቆይታችሁ ብትመጡ ከእነዚያው ልጆች ብዙዎቹ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆመው ወረቀቱን በስልካቸው ፎቶ ሲያነሱ ታገኟቸዋላችሁ። እኔም እዚያ ቆሜያለሁ። የመጀመሪያ ቋሚ ሥራዬን ለማግኘት አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጅቶብኛል። አሁን በአንድ የግል ድርጅት የሠራተኛ ቅጥር ላይ ስለምሠራ የአመልካቾች ፋይል በየጊዜው እጄ ላይ ይገባል።

ሥራ የጠፋው በተመራቂው ጥፋት አይደለም። የተመራቂው ብዛትና ክፍት የሥራ ቦታው አይመጣጠንም። ክልላችን ያለበት ሁኔታ ደግሞ ብዙ ቀጣሪ እጁን እንዲሰበስብ አድርጓል። ግን ያለችውንም ጠባብ ዕድል በትንንሽ ነገር ስናበላሻት ሳይ ያንገበግበኛል። ከተመራቂዎችና ሥራ እንሰጣለን ከሚሉ ሰዎች አፍ የምሰማቸውን አባባሎች ይዤ ስህተቶቹን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ማስታወቂያ ሲወጣ አዘጋጀዋለሁ»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማስታወቂያው «የሥራ ልምድ 0 ዓመት፣ ተፈላጊ ብዛት 3» ይላል። ምዝገባው ለ5 ተከታታይ የሥራ ቀናት ነበር። ያየሁት በአራተኛው ቀን ነው። ጊዜያዊ ዲግሪዬና ስቱደንት ኮፒዬ ግን እናቴ ቤት፣ ደብረ ታቦር፣ ሳጥን ውስጥ ነበሩ። እናቴ በማግስቱ በሚኒባስ ሹፌር ላከችልኝ። አርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። ዋናውን ይዤ ፎቶ ኮፒ ለማስነሳት ስሮጥ መብራት የለም። ሦስት ቤት ዞርኩ። አራተኛው ጄኔሬተር ነበረው፤ ወረፋው ግን በረንዳውን አልፎ አስፋልት ላይ ወጥቷል። ቢሮው ስደርስ 11 ሰዓት ከ20 ነበር። መዝጋቢዋ መዝገቡን ዘግታ ቦርሳዋን አንግታለች። «የኔ እህት፣ ባለፈው ሰኞ መጥተሽ ቢሆን ኖሮ» አለችኝ። ምዝገባው አልቋል።

ስለዚህ ወረቀታችሁን ዛሬ ሰብስቡ። ጊዜያዊ ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ መታወቂያ፣ ፋይዳ። ከእያንዳንዱ አምስት አምስት ኮፒ አስነስታችሁ በአንድ ፋይል ያዙ። ስካን አስደርጋችሁም ስልካችሁና ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡ። የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጥ ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ዙር ያላለፈ ሰው እንደገና መውሰድ ስለሚችል ቤት ተቀምጦ አንገቱን አይድፋ።

ስማችሁንም አስተያዩ። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው ስም ዲግሪው ላይ በሁለት ኤስ፣ መታወቂያው ላይ በአንድ ኤስ ሆኖ የመጣ ብዙ ነው። ሬጅስትራር ሄዶ ማስተካከል ቀናት ይወስዳል፤ ስትቀጠሩ ከምታውቁት አሁን ብታውቁት ይሻላል። ገንዘብና ንብረት የሚያስይዝ ሥራ ደግሞ ተያዥ ይጠይቃል። አጎታችሁን ወይም አክስታችሁን ቀድማችሁ አነጋግሩ። ሰው በድንገት ሲጠየቅ ይፈራል፣ አይፈረድበትም።

«ሲቪ ሲቪ ነው»

የጓደኛን ሲቪ ወስዶ ስም ቀይሮ ማስገባት የተለመደ ነው። አንዲት የአካውንቲንግ ተመራቂ ፋይል ደርሶኝ ነበር። ውጤቷ በጣም ጥሩ ነው። ሲቪው ላይ ግን «በሲቪል ምህንድስና ሙያዬ አገሬን ማገልገል» ይላል። አመልካቾችን የሚመርጠው ኮሚቴ ወደ ጎን አደረገው። ልጅቷን አላውቃትም፣ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላልኝም።

ሌላው «የሥራ ልምድ፦ የለም» ብሎ መጻፍ ነው። አንድ የመርዓዊ ልጅ እንዲህ ብሎ ጽፎ ለቃለ መጠይቅ መጣ። ክረምት ክረምት ምን ትሠራ ነበር ስለው እያፈረ «እናቴ የእህል ንግድ አላት፣ እሷን አግዛለሁ» አለ። ምን ታግዛታለህ? ጆንያ ይቆጥራል፣ ይመዝናል፣ የዱቤውን ደብተር ይይዛል፣ የቀረ ዕዳ ይሰበስባል። ለአራት ክረምት! እኛ የምንፈልገው ደግሞ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። ተቀጠረ። ይህን ቀድሞ ሲቪው ላይ ቢጽፈው ኖሮ ከአንድ ዓመት በፊት ሥራ ያገኝ ነበር ብዬ አምናለሁ። አፓረንትሺፕ የወጣችሁበትን፣ የክረምት በጎ ፈቃድ የሠራችሁትን፣ ልጆች ያስጠናችሁትን ጻፉ። ምን እንደሠራችሁ ጻፉ እንጂ ቦታውን ብቻ አትጥቀሱ።

«ባንክ እስኪያወጣ ነው የምጠብቀው»

ሰኞ ሰኞ በኩር ጋዜጣን ማየት፣ የቴሌግራም ቻናሎችን መከታተል ጥሩ ነው። ግን ማስታወቂያ የማያወጣ ቀጣሪ ብዙ ነው። የግል ትምህርት ቤት፣ ጣና ዳር ያለ ሆቴል፣ መድኃኒት ቤት፣ ሥራ ተቋራጭ፣ አስመጪ፦ እነዚህ ሰው ሲጎድላቸው ብዙ ጊዜ የሚቀጥሩት በር ድረስ የመጣውን ወይም ሰው የጠቆማቸውን ነው። አሥር ቦታ ምረጡ። ጠዋት፣ ሥራ ሳይበዛባቸው፣ ማመልከቻችሁን ይዛችሁ ግቡ። ባለቤቱን ወይም የሰው ሀብት ኃላፊውን ጠይቁ። ዘጠኙ «እንደውላለን» ሊሏችሁ ይችላሉ፤ ስለዚህ ስልካችሁ ክፍት ይሁን፣ ቁጥርም አትቀይሩ።

«ዘመድ የሌለው ሥራ አያገኝም»

በዘመድ የሚሰጥ ሥራ አለ። የለም ብዬ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ያማል። ግን ይህን ምክንያት አድርጎ ጭራሽ አለመሞከርም፣ ሥራ እንደሌላችሁ ከሰው መደበቅም ያው ቤት ያስቀምጣል። ከእናንተ አንድ ዓመት ቀድመው ለተመረቁት፣ ላስተማሯችሁ መምህራን፣ አፓረንትሺፕ ለሠራችሁበት ቦታ አለቃ ንገሩ። «ቦታ ሲከፈት ጠቁሙኝ» ማለት ልመና አይደለም።

«500 ብር በቴሌብር ላክና ትመዘገባለህ»

አትላኩ። ቀጣሪ ደመወዝ ሊከፍላችሁ ነው የሚቀጥራችሁ፣ ሊያስከፍላችሁ አይደለም።

«ውሉ ይደርሳል፣ ሥራውን ጀምሪ»

ሥራ በማግኘታችን ደስ ብሎን ወረቀት ሳንጠይቅ የምንጀምረው ብዙ ነን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራ ሁኔታውን የሚገልጽ የተፈረመበት ደብዳቤ መስጠት ይጠበቅበታል። «ለስድስት ወር በሙከራ፣ ያለ ደመወዝ» የሚባለው ነገር ከሕጉ ጋር አይሄድም። በትሕትና፣ ግን በግልጽ ጠይቁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው።

ወረቀቱ ለነገም ነው። ብዙ ማስታወቂያ ከግል ድርጅት የመጣ የሥራ ልምድ «የሥራ ግብር የተከፈለበት» እንዲሆን ይጠይቃል። ሁለት ዓመት ሠርታ፣ ግብሯ ስላልተከፈለ ልምዷ ያልተያዘላት ጓደኛ አለችኝ። ስለዚህ ደመወዛችሁ በፔይሮል መሆኑን፣ ግብርና ጡረታ መቆረጡን ከመጀመሪያው ወር ጀምራችሁ አረጋግጡ። ስትለቁም የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን ተቀበሉ፤ መብታችሁ ነው።

«ሥራ ሳልይዝ ቤተሰቤ ጋ አልሄድም»

ከሁሉም የሚከብደኝ ይኼ ነው። አባይ ማዶ ከሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር የዳንግላ ልጅ ነበረች። ስምንት ወር ሥራ ፈለገች። በስተመጨረሻ የእናቷን ስልክ ማንሳት አቆመች። ምን ልበላት? ትላለች። ኪራይ ስትበደር፣ ምሳ ስትዘል፣ ማስታወቂያ የማየት ጉልበቷም አለቀ። አንድ ቀን እናቷ በሰው እጅ በሶና ሽሮ ላከችላትና በመልእክተኛው ስልክ ደወለች። ልጅቷ እያለቀሰች እውነቱን ነገረቻት። እናት «ታዲያ እኔ የናፈቅሁት ሥራሽን ነው እንዴ?» አለቻት።

በዚያው ሳምንት ዳንግላ ሄደች። ሁለት ሳምንት ተኛች፣ በላች፣ ከጎረቤት ጋር ቡና ጠጣች። ቡናው ላይ አንዷ ሴት አንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ የሚይዝለት ሰው እንዳጣ አነሳች። ልጅቷ በማግስቱ ፋይሏን ይዛ ሄደች። አሁን እዚያው ትሠራለች፤ የባሕር ዳር ማስታወቂያዎችንም እየተከታተለች ነው።