የሆኪ ኮከብን በልውውጥ ማምጣት ወይስ ውሉ እስኪያልቅ መጠበቅ? እንዴት እንደሚመዘን

በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ እንደ አውሮፓ እግር ኳስ የዝውውር ሂሳብ ከፍሎ ተጫዋች መግዛት የለም። ኮከብ የሚፈልግ ክለብ ወይ የራሱን ተጫዋቾችና የወደፊት የድራፍት ምርጫዎቹን (በየዓመቱ አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የመምረጥ መብቱን) ሰጥቶ ይለውጣል፣ ወይም ተጫዋቹ ውሉን ጨርሶ ጁላይ 1 ቀን ነፃ እስኪሆን ይጠብቃል። በቶሮንቶ፣ በዴንቨር፣ በዳላስ ወይም በላስ ቬጋስ የምትኖሩ አንባቢዎች የከተማችሁ ክለብ የትኛው መንገድ እንደሚያዋጣው በዚህ ቅደም ተከተል መመዘን ትችላላችሁ።

1. ውሉን ተመልከቱ። የሚያልቅበትን ዓመትና ተጫዋቹ ያለ ፈቃዱ እንዳይዛወር የሚከለክል አንቀጽ መኖር አለመኖሩን አረጋግጡ። ዕድሜው 27 ያልደረሰና በሊጉ ሰባት የውድድር ዘመን ያልሞላው ተጫዋች ውሉ ቢያልቅም በአብዛኛው ሙሉ ነፃነት ስለማያገኝ፣ እርሱን መጠበቅ ብዙም አይጠቅምም።

2. የደመወዝ ጣሪያውን፣ ማለትም ክለቡ ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ ሊከፍል የሚችለውን ከፍተኛ መጠን፣ አስሉ። ለ2025-26 የተወሰነው 95.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

3. ተጫዋቹ አዲስ ውል ይፈርም እንደሆነ እወቁ። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ደጋፊዎች ሲከራከሩ ችሎታውን ብቻ ስለሚመዝኑ ጉዳዩን ይዘሉታል። በውሉ የመጨረሻ ዓመት ላይ ያለ ኮከብ ሲለወጥ ክለቡ በእርግጠኝነት የሚያገኘው የጥቂት ወራት ጨዋታ ብቻ ነው። ካሮላይና በጃንዋሪ 2025 ሚኮ ራንታነንን ከኮሎራዶ ለማምጣት ማርቲን ኔቻስንና ጃክ ድሩሪን ከድራፍት ምርጫዎች ጋር ሰጠ፤ ራንታነን ግን ውሉን ሳያራዝም ስድስት ሳምንት ያህል አለፈ። ክለቡ ማርች 7፣ የልውውጡ ጊዜ በሚያበቃበት ቀን፣ ለዳላስ አሳልፎ ሰጠውና ሎጋን ስታንኮቨንን፣ ሁለት የአንደኛና ሁለት የሦስተኛ ዙር ምርጫዎችን ተቀበለ። ዳላስ ደግሞ ወዲያውኑ በ96 ሚሊዮን ዶላር ለስምንት ዓመት አስፈረመው። የካሮላይና ውሳኔ መራራ ቢሆንም ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ኮለምበስ በ2019 አርቴሚ ፓናሪንን እስከ መጨረሻው ይዞ ቆይቶ ያለ አንዳች ምትክ አጥቶታልና።

ስለዚህ ከተጫዋቹ ወኪል ጋር ለመነጋገር ከባለቤቱ ክለብ ፈቃድ ማግኘት ከልውውጡ መቅደም አለበት፤ ያለ ፈቃድ መነጋገር በሊጉ ደንብ ክልክል ነው።

4. ፊርማው ከተረጋገጠ በዋጋው አትሳሱ። ፍሎሪዳ በ2022 ለማቲው ትካቸክ ሲል በዚያው ዓመት 115 ነጥብ (ጎልና ለጎል ያቀበላቸው ኳሶች ድምር) ያስመዘገበውን ጆናታን ሁበርዶን፣ ከእርሱም ጋር ማኬንዚ ዊጋርን፣ አንድ ወጣት ተጫዋችና የአንደኛ ዙር ምርጫ ሰጠ። ዋጋው ከባድ ነበር፤ ነገር ግን ትካቸክ ገና የ24 ዓመት ወጣት ሳለ የስምንት ዓመት ውል ይዞ መጣ፣ ክለቡም በ2024 እና በ2025 የሊጉን ሻምፒዮና፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ አነሳ።

5. ፊርማው ካልተረጋገጠ ጠብቁ፤ ይሁን እንጂ በአንድ ስም ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። ኒው ዮርክ ሬንጀርስ ፓናሪንን ያገኘው አንድም ተጫዋች ሳይሰጥ ነው። የመጠበቅ አደጋው ኮከቡ ገበያው ላይ ሳይወጣ ሊቀር መቻሉ ነው። እስከ ሴፕቴምበር 2026 ድረስ በሚሠራው የሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር ስምምነት የራሱ ክለብ የስምንት ዓመት ውል ሊሰጠው ሲችል ሌሎች ከሰባት ማለፍ አይችሉም፤ አዲሱ ስምምነት ቁጥሩን ወደ ሰባትና ስድስት ቢያወርደውም ልዩነቱን አላጠፋም። ሚች ማርነር በ2025 ከቶሮንቶ ጋር የስምንት ዓመት ውል ፈርሞ በኒኮላስ ሮይ ልውውጥ ወደ ቬጋስ ሲሄድ፣ እርሱን የሚጠብቁት ክለቦች ጁላይ 1 እኩለ ቀን ላይ ገበያው ሲከፈት አላገኙትም። የሚጠብቅ ክለብ ሁለተኛና ሦስተኛ ዕጩውን ከነደመወዙ አስልቶ ከዚያ ሰዓት በፊት ማዘጋጀት ይኖርበታል።