የፓኬጅ ፓኬጅ ሲያስቸግር፦ በሌላ ላይብረሪ በኩል የገባን ላይብረሪ ቨርዥን እንዴት እንቀይራለን?

የጃቫስክሪፕት ፕሮጀክት አልሠራ ሲል ብዙ ሰው ኖድ ሞጁልስን (የወረዱት ላይብረሪዎች የሚቀመጡበትን ፎልደር) እና ሎክ ፋይሉን (የእያንዳንዱን ላይብረሪ ትክክለኛ ቨርዥን የሚመዘግበውን) አጥፍቶ ሁሉንም እንደ አዲስ ያወርዳል። ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሆኖ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይሄ የዳታ ፓኬጅ መጨረስ ነው። ከዳታው የሚብሰው ግን ሎክ ፋይሉ ሲጠፋ በደህና ይሠሩ የነበሩት ላይብረሪዎችም ቨርዥናቸው ሊቀየር መቻሉ ነው። ችግር ያለበትን ብቻ ነጥለን እንንካ።

መጀመሪያ የሚያስቸግረውን ላይብረሪ የትኛው ላይብረሪ ይዞት እንደመጣ እንወቅ። ተርሚናል ላይ በኤንፒኤም (ላይብረሪዎችን በሚጭንልን መሣሪያ) «ኤንፒኤም ኤልኤስ» ብላችሁ የላይብረሪውን ስም አስከትሉ። እናንተ ከጫናችሁት ጀምሮ እስከ ታች ያለውን ሰንሰለት ያወጣላችኋል። አንዱ ላይብረሪ በሁለት ቨርዥን ቢገኝ አትደንግጡ፣ ኤንፒኤም ይፈቅዳል። ማን የትኛውን ቨርዥን እንደጠየቀ ለማየት «ኤንፒኤም ኤክስፕሌይን» አለ።

ይህቺን ነገር በችኮላ አትዝለሏት። በ2018 እ.ኤ.አ. ኢቨንት ስትሪም የተባለው በጣም የታወቀ ላይብረሪ በ3.3.6 ቨርዥኑ ፍላትማፕ ስትሪም የሚባል ሌላ ላይብረሪ ይዞ መጣ፣ እሱ ውስጥ ደግሞ የኮፔይ ቢትኮይን ዋሌትን ለመዝረፍ የተጻፈ ኮድ ተደብቆ ነበር። የፍላትማፕ ስትሪምን ስም ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ፕሮጀክት ውስጥ ነው የገባው።

ከዚያ ያመጣውን ላይብረሪ አድሱት። አዲሱ ቨርዥኑ ችግሩን ከፈታው እዚሁ ጨረሳችሁ።

ካልፈታው ኦቨርራይድስ አለላችሁ፣ በሌላ ላይብረሪ በኩል የገባውን ቨርዥን በምትፈልጉት የሚተካ ማለት ነው። ከኤንፒኤም 8.3 ጀምሮ ይሠራል። ፓኬጅ ዶት ጄሰን (የፕሮጀክቱ ላይብረሪዎች የሚዘረዘሩበት ፋይል) ውስጥ «ኦቨርራይድስ» የሚል ክፍል ክፈቱና የላይብረሪውን ስምና የምትፈልጉትን ቨርዥን ጻፉ። እኔ ሁልጊዜ የምመክረው ባመጣው ላይብረሪ ስም ሥር እንድታስገቡት ነው፣ ያኔ ለውጡ ሌላ ቦታ አይደርስም። ከቨርዥን 1 ወደ ቨርዥን 2 መዝለል ግን አደጋ አለው፤ ላይኛው ላይብረሪ የተጻፈው ለድሮው ነውና ሊሰበር ይችላል። ራሳችሁ በቀጥታ የጫናችሁትን ከሆነ የምትቀይሩት ኦቨርራይድስ አያስፈልግም፣ እዚያው የተጻፈበት ላይ አስተካክሉ። በኤንፒኤም ፈንታ ያርን የምትጠቀሙ ደግሞ «ሪዞሉሽንስ» በሉት።

አሁን ኢንስቶል አድርጉና «ኤንፒኤም ኤልኤስ»ን ድገሙ። ከጎኑ «ኦቨርሪደን» የሚል ካያችሁ ተይዟል። ቴስቶቻችሁን አስኪዱ።

ሎክ ፋይሉን ጊት ላይ አስገቡ። የሥራ ባልደረቦቻችሁ «ኤንፒኤም ሲአይ» (በሎክ ፋይሉ መሠረት የሚጭነውን ትእዛዝ) ሲሉ ልክ የእናንተኑ ቨርዥን ያገኛሉ፣ «ፕሪፈር ኦፍላይን» የሚለውን ከጨመሩበት ደግሞ ኮምፒውተራቸው ላይ ያለውን ተጠቅሞ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ላይኛው ላይብረሪ ራሱ ሲታደስ ኦቨርራይዱን አውጡት።