ለተጎታች የፍሬን መቆጣጠሪያ አመራረጥ

የፍሬን መቆጣጠሪያ በጎታቹ መኪና ውስጥ ተገጥሞ የተጎታቹን ፍሬን የሚያዝዝ መሣሪያ ነው፤ ምርጫው ግን የሚጀምረው ከተጎታቹ ጎማ ሥር ነው። ጎታቹ መኪና ፍጥነት ሲቀንስ ተጎታቹ ከኋላ የሚገፋበት ኃይል ራሱ ፍሬኑን የሚያስይዝ ከሆነ፣ መቆጣጠሪያ መግዛት አያስፈልግም። መቆጣጠሪያ የሚሻው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ፍሬን ነው፤ በእያንዳንዱ ታምቡር (ከጎማው ጋር በሚሽከረከረው ክብ ብረት) ውስጥ ያለው ማግኔት ከመኪናው 12 ቮልት ባትሪ ኃይል ሲደርሰው ከሚሽከረከረው ታምቡር ጋር ይሳሳብና የፍሬን ሸራውን ያስይዛል፤ መቆጣጠሪያው ደግሞ የኃይሉን መጠን ይወስናል። በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ያለው ተጎታች ከሆነ ግን፣ ከዚህ ፓምፕ ጋር የማይሠሩ መቆጣጠሪያዎች ስላሉ መመሪያውን አስቀድሞ ማንበብ ግድ ነው።

የመቆጣጠሪያዎች ዋና ልዩነት በአሠራር ነው። አንደኛው ዓይነት የፍሬን መብራት መብራቱን ብቻ አይቶ፣ አስቀድሞ የተስተካከለለትን የኃይል መጠን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ ይልካል። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ በየትኛውም አቅጣጫ ይገጠማል፤ ነገር ግን ሾፌሩ ፔዳሉን በስሱ ይንካው ወይም እስከ መጨረሻው ይርገጠው መለየት አይችልም። ስለዚህ በተጨናነቀ መንገድ ላይ ተጎታቹ መኪናውን ወደ ኋላ ይጎትታል፣ በድንገተኛ አቋቋም ጊዜ ደግሞ ዘግይቶ ይይዝና መኪናውን ይገፋል። ሁለተኛው ዓይነት መኪናው ፍጥነት የሚቀንስበትን ልክ በውስጡ ባለ መለኪያ እያነበበ በዚያው ልክ ኃይል ይልካል። ከባድ ጭነት ለሚጎትት ወይም ቁልቁለት ለሚያዘወትር ሰው ከዚህኛው ሌላ መምረጥ ተገቢ አይመስለኝም፤ የመጀመሪያው የሚበቃው አልፎ አልፎ ቀላል ጭነት በአጭር ርቀት ለሚጎትት ነው።

የመቆጣጠሪያው አቅምም ይታይ። አንድ ማግኔት በግምት 3 አምፒር ስለሚወስድ፣ ሁለት አክሰልና አራት ማግኔት ያለው ተጎታች ወደ 12 አምፒር ይፈልጋል። ሽቦው ቀጭን ከሆነ ኃይሉ መንገድ ላይ ይባክናል፤ ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ የሚወቀሰውም መቆጣጠሪያው ነው። ከማሳያው ውበት ይልቅ የእጅ ማዘዣውን ልብ ማለት ይሻላል፤ ተጎታቹ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ሲጀምር የመኪናውን ፍሬን ሳይነኩ የተጎታቹን ብቻ በዝግታ ማስያዝ የሚቻለው በእርሱ ስለሆነ፣ መሣሪያው ጉልበት በማይነካው፣ እጅ ግን ሳይፈልግ በሚያገኘው ቦታ ይገጠም።

ከተገጠመ በኋላ፣ ፍሬኑ ጥቂት እንዲሞቅ ተደርጎ፣ ደረቅና ሜዳ በሆነ ባዶ ስፍራ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነዱ የእጅ ማዘዣውን እስከ መጨረሻው መግፋት ነው። የተጎታቹ ጎማ ተቆልፎ ከተንሸራተተ ኃይሉ ይቀነስ፣ ካልያዘ ይጨመር፤ ትክክለኛው ልክ ጎማው ሊቆለፍ ጥቂት ሲቀረው ያለው ነው። ለሙሉ ጭነት የተስተካከለ ልክ ባዶ ተጎታች ላይ ጎማ ስለሚቆልፍ፣ ጭነቱ በተለወጠ ቁጥር ሙከራው ይደገማል።