በፈረስ ጥርስ አያያዝ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

«ይበላል እኮ» ብሎ መዘናጋት ከሁሉም የከፋው ነው። ፈረስ ጥርሱ እያመመውም ይበላል፤ መብላት ባቆመበት ቀን ጉዳቱ ሥር ሰዷል። ስለዚህ የምግብ ፍላጎቱን ትተው ከግርግሙ ሥር ይመልከቱ። በምራቅ የራሰ፣ የተድቦለቦለ ድርቆሽ ወድቆ ካገኙ ማኘክ ተስኖት ተፍቶታል ማለት ነው። ፋንድያውንም ፈርከስ ያድርጉት፤ ረጃጅም የድርቆሽ ጭራሮና ያልተፈጨ እህል የሚበዛበት ከሆነ መንጋጋው ሥራውን አልሠራም። ከአንድ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ የሚወርድ፣ የሚሸት ፈሳሽ ካዩ ደግሞ የላይኛው መንጋጋ ሥር መግል ቋጥሮ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ለመጥራት አይዘግዩ።

ከንፈር ገልጦ የፊት ጥርስን ብቻ ማየት ሌላው ስህተት ነው። መኖውን የሚፈጩት ከኋላ ያሉት 24 መንጋጋዎች ናቸው። ጥርሱ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይገፋል፤ የላይኛው መንገጭላ ከታችኛው ስለሚሰፋም ሁሉም ጠርዝ እኩል አይሞረድም። የላይኞቹ በጉንጭ፣ የታችኞቹ በምላስ በኩል ስለት ያወጡና ያቆስላሉ። ይህን ለማየት አፍ መክፈቻ መሣሪያ፣ መብራት፣ መስታወት፣ ብዙ ጊዜም ማረጋጊያ መድኃኒት ያስፈልጋል። ያለ አፍ መክፈቻ እጅዎን አይስደዱ፤ ጣት ይቆረጣል።

ለጤነኛ ጎልማሳ ፈረስ በዓመት አንድ ምርመራ ይበቃል። ለወጣቱ ግን አይበቃም፤ ከ2 ዓመት ተኩል እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ 24 የወተት ጥርሶች ይለወጣሉ፣ አንዳንዱም ሳይወድቅ አዲሱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ወጣቱንም ያረጀውንም ፈረስ በየ6 ወሩ ያስመርምሩ።

ልጓም ሲገባለት ራሱን የሚያወናጭፈውን መምታት በደል ነው። መጀመሪያ አፉ ይታይ፤ ከመንጋጋዎቹ ፊት የምትበቅል ትንሽ ጥርስ ልጓሙ ሲነካት ልታሳምመው ትችላለች።

ጥርሱን አለስልሶ መሞረድም ጉዳት ነው። የሚነሳው ስለቱ ብቻ ነው፤ ድርቆሽ የሚፈጨው በሻካራው ገጽ ነውና። የኤሌክትሪክ ሞረድ አንድ ቦታ ላይ ከቆየ ሙቀቱ የጥርሱን ውስጥ ይጎዳል።

መንጋጋው ላለቀ ሽማግሌ ፈረስ ደረቅ እንክብል መኖ መስጠት ጉሮሮው ላይ እንዲቀረቀር ያደርጋል። እንክብሉን በውሃ ይንከሩትና እስኪፈርስ ይጠብቁ፤ በጣትዎ ሲጫኑት መሃሉ ላይ ጠጣር ፍሬ ካገኙ ገና ነው፣ ውሃ ይጨምሩበት።