ከኦፕሬሽን በኋላ፣ ከቡናው በፊት

ደሴ ውስጥ የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ ነኝ። በእኛ ሥራ የገጠመን ችግር ሁሉ የሚወራው ቡና ላይ ነው። ቡናን አልነቅፍም፤ ወሎ ተቀምጦ ቡናን የሚነቅፍ ማን አለ? ነገር ግን ቡናው ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ የለችም፣ ቀዶ ሐኪሙም ብዙ ጊዜ የለም። በሌለ ሰው ላይ የሚወራው ደግሞ ሐሜት እንጂ ውይይት አይባልም። ስለዚህ ኦፕሬሽኑ እንዳለቀ፣ ከቡናው በፊት፣ ለቡድኑ ሁሉ ውይይት አምስት ደቂቃ ስጡ።

መነሻው እጃችሁ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና ደህንነት ቅጽ፣ ታካሚው ከክፍሉ ሳይወጣ የጎዝና የመርፌ ቆጠራው ልክ መሆኑን፣ የመሣሪያ ችግር መኖር አለመኖሩንም ይጠይቃል። ሰክሽኑ (ደም መምጠጫው ማሽን) መሐል ላይ ቆሞብን ሳለ ያቺ መስመር «የለም» ተብላ ስትሞላ ማየት ያናድደኛል። እውነቱን ሙሉባት፤ ውይይቱም ከእሷ ይጀምር።

የት? ታካሚው አጠገብ አይሁን። ወገቧ ላይ የማደንዘዣ መርፌ ተወግታ በኦፕሬሽን የወለደች እናት ነቅታ ተኝታለች፤ «ደሙ አስፈርቶኝ ነበር» ስትሉ ትሰማለች። የሰመመን ባለሙያው ታካሚውን ለማገገሚያ ክፍሉ ነርስ አስረክቦ እስኪመለስ ጠብቁ፤ ከዚያ እጅ መታጠቢያው ጋ ቁሙ። ወንበር አታምጡ፣ ከተቀመጣችሁ ስብሰባ ይሆናል።

ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፦ ምን ጥሩ ሄደ? ምን አስቸገረ? ለሚቀጥለው ምን እንቀይር? ዋናው ነገር ግን የመናገር ተራው ነው። ዶክተሩ ቀድሞ ከተናገረ ይሉኝታ የሌላውን አፍ ይዘጋል። ስለዚህ እሱ ይጠይቅ፣ መልሱን ግን መጨረሻ ላይ ይስጥ። «እትዬ፣ እርስዎ ጋ ምን አስቸገረ?» ብሎ ከጽዳት ሠራተኛዋ ይጀምር፤ ከዚያ «ሲስተር፣ አንቺ ጋስ?» እያለ ይቀጥል። «ማን ረሳው?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ «ምን አስረሳው?» ብላችሁ መልሱት።

የሚወጡት ነገሮች ትንንሽ ይመስላሉ። ከኦቶክሌቭ (መሣሪያን በእንፋሎት ከጀርም ከሚያጸዳው ማሽን) የወጣው የመሣሪያ ጥቅል ውስጡ እርጥብ ነበር፤ እርጥብ ጥቅል ንጹሕ ተብሎ አይያዝም፣ ተመልሶ ኦቶክሌቭ መግባት አለበት። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የእጅ ባትሪ የያዘ ሰው አልነበረም። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ባለበት ሌሊት እናትየዋ ስትንቀጠቀጥ ብርድ ልብስ ፍለጋ ሮጥን። እነዚህን በአንድ ደብተር ላይ ጻፉ፦ ችግሩ፣ የሚከታተለው ሰው፣ የሚያልቅበት ቀን። የታካሚ ስምም ሆነ የጥፋተኛ ስም አይግባበት። የክፍሉ ኃላፊ ጠዋት ጠዋት ያንብበው። በመስከረም የተጻፈ የመብራት አምፖል ኅዳር ላይም ካልተቀየረ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አፉን አይከፍትም፤ እውነቱን ነው።

ሰው ጠረጴዛ ላይ ሲሞት ይህ ሁሉ ይቆይ። አንጀቱ የተጠማዘዘበት ሰው ከደላንታ ወይም ከመካነ ሰላም ድረስ ዘግይቶ ይመጣል፤ የተቻለው ሁሉ ተደርጎ ያልፋል፤ የዘመዶቹ ለቅሶ ከኮሪደሩ እየተሰማ የሚቀጥለው ታካሚ በር ላይ ይጠብቃል። ያን ጊዜ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ መቀጠል የሚችል ማን ነው? የማይችለውን ምክንያት ሳትጠይቁ በሌላ ሰው ተኩት፤ ውሃ ይጠጣ፣ ይቀመጥ። ትከሻውን ነካ አድርጎ «አብሽር» ማለት ለዚያ ሰዓት ይበቃል።

«የተሰማህን አሁኑኑ ተናገር» ብሎ ማስገደድ ግን አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅትም ከባድ ድንጋጤ ለደረሰበት ሰው እንዲህ ያለውን የአንድ ጊዜ የሥነ ልቦና ውይይት አይመክርም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴን ሲረግጥ እዚሁ የነበሩ ባልደረቦች አሉን፤ አንድ ድምፅ ወይም አንድ ደም ምን እንደሚቀሰቅስባቸው ከውጭ አይታይም። መናገር የፈለገ ይናገር፣ ዝም ያለም ይከበር። ሕክምናው እንዴት እንደሄደ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ካርዱ ተከፍቶ ይታይ።

ከዚያ የደነገጠውን ባልደረባ አትርሱት። እንቅልፍ አጥቶ፣ ተረኛ ላለመግባት ሰበብ እየፈለገ፣ በትንሽ ነገር እየተቆጣ ሳምንታት ካለፉ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያግኘው። የሚያነጋግረው ደግሞ የቅርብ ጓደኛ ይሁን እንጂ የሥራ ውጤቱን የሚሞላው አለቃ አይሁን።

ስለ ሆድም ላንሳ። ረመዳን ላይ መግሪብ አልፎበት ገና የቁስሉን አፍ የሚከፍተውን መንጠቆ ይዞ የቆመ፣ ሑዳዴ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ምንም ያልቀመሰ ባልደረባ ይኖራል። ጀማው ሁሉ ወሎዬ ስለሆነ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሻይ ክፍሉ ውስጥ ቴምርና ቆሎ ይቀመጥ፣ ረዥም ሥራ ሲሆን የሚቀይር ሰው አስቀድሞ ይመደብ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሥራ የጨረሰውን ደግሞ የሆስፒታሉ መኪና ቤቱ ያድርሰው፤ መኪና ከሌለ እስኪነጋ የሚተኛበት አልጋ ይሰጠው።