ሚኒማሊስት ፈርኒቸር፦ ከየት መጣ፣ ለቤታችሁስ እንዴት ትመርጡታላችሁ

ሚኒማሊስት ፈርኒቸር፣ ማለትም ጌጡ ተቀንሶ የሚያስፈልገው ብቻ የቀረለት የቤት ዕቃ፣ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ነጭ ግድግዳ፣ አንድ ግራጫ ሶፋና ባዶ ክፍል ነው፣ ከዛ «ይሄ ቤት ነው ክሊኒክ?» ይላል። እኔን ግን የሚስበኝ ባዶነቱ አይደለም። ጥሩ ከሚባሉት ዕቃዎች ላይ የተቀነሰ ነገር ካለ የተቀነሰው በምክንያት ነው፣ ምክንያቱን ስታውቁት ደሞ የትኛው ወንበር ታስቦበት እንደተሰራ፣ የትኛው ዝም ብሎ ጌጡ እንደተነሳለት መለየት ትጀምራላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ትንሽ ታሪክ ላውራችሁ፣ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1774 ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ሼከር የሚባሉ ክርስቲያኖች ነበሩ፣ በማኅበር ነው የሚኖሩት፣ ጌጣጌጥን ከንቱ ኩራት አድርገው ነው የሚያዩት፣ እና የሚሰሩት ወንበር ቀጥ ያለ፣ ቀላል፣ ምንም ቅርጻቅርጽ የሌለው ነው። ክፍሎቻቸው ግድግዳ ላይ ዙሪያውን የእንጨት ማንጠልጠያ ይደረግባቸዋል፣ ወለል ሲጠረግ ወንበሮቹን አንስተው እዛ ላይ ይሰቅሏቸዋል። እስቲ አስቡት፣ ወንበሩ ቀላል መሆን የነበረበት ለማማር ብቻ ሳይሆን በአንድ እጅ ተነስቶ እንዲሰቀልም ነው።

ከዛ ደሞ በ1859 ቪየና ውስጥ ሚካኤል ቶኔት ቁጥር 14 የሚባለውን ወንበር አወጣ፣ እንጨቱን በእንፋሎት እያለሰለሰ እያጎበጠ። ጠቅላላ 6 የእንጨት ክፍል፣ 10 ብሎንና 2 ዳዶ ነው፣ ተፈታቶ ሲታሸግ 36 ወንበር አንድ ሜትር ኩብ ሳጥን ውስጥ ይገባል! ካፌ ቤት የምታዩት ጀርባው ክብ የሆነው ወንበር የሱ ዘር ነው። እዚህ ጋ ማቅለሉን ያመጣው ማጓጓዣ ነው፣ ሃይማኖት አይደለም። በ1956 ኢኬያ የሚባለው የስዊድን ፈርኒቸር ኩባንያ ዲዛይነር ጊሊስ ሉንድግሬን ጠረጴዛ መኪና ውስጥ አልገባ ሲለው እግሮቹን ነቅሎ የጫነበት ታሪክም ያው እንደዚሁ ነው፣ ዛሬ ተፈታቶ በካርቶን የሚመጣው ዕቃ የተስፋፋው ከዛ ወዲህ ነው።

ባውሃውስ የሚባለውን የጀርመን የዲዛይን ትምህርት ቤት ሳትሰሙ አትቀሩም፣ ዋልተር ግሮፒየስ በ1919 ቫይማር ላይ ከፈተው፣ በናዚዎች ጫና በ1933 ተዘጋ። በ14 ዓመት ብቻ ግን የፈርኒቸርን መልክ ቀይሮ ነው ያለፈው። እዛ ያስተምር የነበረው ማርሴል ብሮየር የብስክሌቱን መሪ አየና ይሄ የጎበጠ ቱቦላሬ ለምን ወንበር አይሆንም አለ፣ በ1925 ገደማ ከብረት ቱቦና ከተወጠረ ጨርቅ ወንበር ሰራ፣ የድሮው ወፍራም የሳሎን ወንበር አጥንቱ ብቻ ቀረ በሉት። የፊንላንዱ አልቫር አልቶ በ1933 ያወጣት ባለ ሦስት እግር ዱካ ደሞ የኔ ተወዳጅ ናት፣ እግሯ ከላይ ታጥፎ በቀጥታ ከመቀመጫው ስር በብሎን ይታሰራል፣ በቃ፣ መሃል ላይ ምንም የለም፣ አንዷ ባንዷ ላይ ትደረደራለች። ጃፓኖች ጋ ከሄዳችሁ ነገሩ ከዚህም ይርቃል፣ በባህላዊው ቤት መኝታው ጠዋት ታጥፎ ቁም ሳጥን ይገባና ማታ የተኙበት ክፍል ቀን ሳሎን ይሆናል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ እኔ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፦ ጌጥ የሌለው ዕቃ ጉድለቱን የሚሸሽግበት ቦታ የለውም። ቅርጻቅርጽ ያለበት ቁም ሳጥን ላይ ጠማማ መገጣጠሚያ አይታይም፣ ልሙጥ ጠረጴዛ ላይ ግን አንድ ሚሊሜትር ክፍተት እንኳን ዓይን ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ ቀላል ስለሚመስል ርካሹን ልግዛ ማለት እዚህ ላይ አያዋጣም።

አሁን ወደ ስራው። ምንም ሳትገዙ መጀመሪያ ክፍሉን አቅልሉት፣ ትንሿን ጠረጴዛ፣ ትርፍ ወንበሩን፣ ማንም የማይከፍተውን ቡፌ ለሁለት ሳምንት ሌላ ክፍል አስቀምጡና ኑሩ። ያልፈለጋችሁት ዕቃ ተመልሶ አይግባ። ከዛ ሜትር ያዙ። የሶፋውን ስፋት ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉና በዙሪያው ተመላለሱ፣ ሰው የሚተላለፍበት ቦታ 90 ሴንቲሜትር ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው፣ በሶፋውና በፊቱ ባለው ጠረጴዛ መሃል ከ40 እስከ 45 ይበቃል። የምግብ ጠረጴዛ አብዛኛውን ጊዜ ቁመቱ 75 አካባቢ፣ ወንበሩ 45 ነው፣ ያ 30 ሴንቲሜትር ልዩነት ከጠፋ ጉልበት መግቢያ ያጣል። በርና ደረጃውንም ለኩ እባካችሁ፣ እኔ አንዴ ክፍሉን ብቻ ለክቼ ያመጣሁት ሶፋ በር ላይ ቀርቶ መልሼዋለሁ፣ በጣም ነው ያዘንኩት ምክንያቱም ስፈልገው የከረምኩት ዕቃ ነበር።

ስትመርጡ እግር ያለውን አስቀድሙ፣ ከስሩ ወለሉ ሲታይ ጠባብ ክፍል ሰፋ ያለ ይመስላል፣ መጥረጊያም ይገባል። ከዛ ወንበሩን ገልብጡት! ከላይ ሁሉም ያምራል፣ እውነቱ ከስር ነው። እግሩ የተያዘው በምንድነው፣ በብሎን ወይስ በስቴፕል፣ ማዕዘኑ ላይ ማጠንከሪያ አለው ወይ፣ ሙጫ ወጥቶ ደርቋል ወይ። መሳቢያውን እስከ መጨረሻው ሳቡት፣ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ተዉት። ቁጭ በሉና ወደ ጎን ተወዛወዙ፣ ዛሬ ትንሽ ከተነቃነቀ ከዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን አስቡት። ቺፑድና ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨትና ሙጫ ተጨምቀው የሚሰሩት ጣውላዎች) መጥፎ ናቸው እያልኩ አይደለም፣ ግን ጠርዛቸው በደንብ ካልተሸፈነ ውሃ ሲያገኛቸው ያብጣሉ፣ አንዴ ካበጡ ደሞ አይመለሱም። ፎቶ ላይ የምታዩት ረጅም ስስ መደርደሪያም እንዲሁ ነው፣ 18 ሚሊሜትር ቺፑድ መሃሉ ሳይደገፍ ከ80 ሴንቲሜትር በላይ ከሄደና መጽሐፍ ከተጫነበት መጉበጡ አይቀርም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ማስቀመጫ ነው። ፎቶው ላይ ያለው ጠረጴዛ ባዶ የሆነው ሰዎቹ ዕቃ ስለሌላቸው ሳይሆን የሚዘጋ ነገር ውስጥ ስላስገቡት ነው፣ ቻርጀሩ፣ ወረቀቱ፣ የልጆች መጫወቻው የሆነ ቦታ መግባት አለበት። ስለዚህ ከክፍት መደርደሪያ ይልቅ በር ያለው አንድ ረዘም ያለ ቁም ሳጥን፣ ቀለሙ ከግድግዳው ጋር የሚቀራረብ፣ ብትወስዱ ክፍሉ ራሱ ያርፋል። ሊጨመርበት የሚችል ካገኛችሁ ደሞ እሰየው፣ የጀርመኑ ዲዛይነር ዲተር ራምስ በ1960 ያወጣው 606 የሚባል መደርደሪያ ዛሬም ይመረታል፣ ሰው ቤት ሲቀይር ነቅሎ ይዞት ይሄዳል፣ ሲፈልግ ይቀጥልበታል። የሱ አባባል «ያነሰ፣ ግን የተሻለ» ነው፣ ብዙዎች የመጀመሪያውን ቃል ይዘው ሁለተኛውን ይተዉታል።

ክሊኒክ እንዳይመስል የሚያደርገው ቀለም ሳይሆን የሚዳሰሰው ነገር ነው። ዕቃው ጥቂት ሲሆን እጅና ዓይን እነዛው ላይ ያርፋሉ፣ ስለዚህ የእንጨቱ መስመር የሚታይ ይሁን፣ ሶፋው ላይ ሱፍ ወይ ሊኖ ጣል አድርጉ፣ አንድ ተክል ይግባ። ጣሪያ ላይ ካለው አንድ ነጭ አምፖል ይልቅ ሁለት ሦስት ቦታ ዝቅ ያለ መብራት፣ አምፖሉ ላይ 2700 ኬልቪን የሚል ፈልጉ፣ እሱ ሞቅ ያለው ቢጫማ ብርሃን ነው።

ገንዘባችሁ የሚበቃው ለአንድ ጥሩ ዕቃ ብቻ ከሆነ በቀን ውስጥ ብዙ ሰዓት የምትቀመጡበትን ወንበር ግዙ፣ ሌላው ይቆይ። ከገዛችሁ ከአንድ ወር በኋላ ብሎኖቹን አንዴ አጥብቁ፣ እንጨት ሲደርቅ ስለሚላሉ፣ የብሎኑን መፍቻም እዛው ከመቀመጫው ስር በፕላስተር ለጥፉት።