መጀመሪያ አውቶቡሶቹ የት እንደሚያርፉ ወስኑ

የመጀመሪያውን የመሀል ከተማ መናኸሪያ ስነድፍ አደባባዩ መሀል ላይ ክብ ፏፏቴ አስቀመጥኩ። ወረቀት ላይ ሲታይ ዓይን ይማርክ ነበር። ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ማልጄ ሄድኩና ጥግ ይዤ ቆምኩ። ከባቡር የሚወርደው ሰው ሁሉ ፏፏቴውን እየዞረ፣ እየተጋፋ፣ እያጉረመረመ ወደ አውቶቡሱ ይሮጣል። ከጎን በተተከለው ሣር ላይ የተረገጠ ቀጭን መንገድ ወጥቷል፤ ከባቡሩ በር ይነሳና አውቶቡሶቹ ጋ ያበቃል። ያንን መስመር ቀድሜ ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አላየሁትም፤ ጭራሽ ውኃ አስቀመጥኩበት። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ወዲህ የምሠራበትን መንገድ ነው።

በመጀመሪያ እግር ተከተሉ። ቦታው ላይ አሁን ያለ ፌርማታ ወይም ጣቢያ ካለ የአካባቢውን ካርታ በትልቅ ወረቀት አሳትሙ፤ በጠዋቱና በማታው ግርግር፣ እንዲሁም እኩለ ቀን ላይ አንድ ከፍ ያለ መስኮት ፈልጋችሁ ተቀመጡ። ከበሩ ከሚወጣው ሰው አሥረኛውን እየመረጣችሁ፣ ሌላ ተሽከርካሪ እስኪሳፈር ወይም ከአካባቢው እስኪሰወር ድረስ የሄደበትን በእርሳስ ሳሉ። መቶ ሰው በቂ ነው። ሰውን በየት በኩል ነው የምትሄደው ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም፤ ሰው የሚናገረው ደንበኛውን መንገድ ነው፣ የሚሄደው ግን በአቋራጩ ነው። ከተቻለ ዝናብ ባለበት ቀን ድገሙት። የዝናብ ቀን መስመሮች ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ይጠማዘዛሉ፤ ጣሪያ የት እንደሚያስፈልግ የሚነግሯችሁም እነሱ ናቸው።

ወረቀቱን ስታዩት እርሳሱ የተደራረበባቸው ወፍራም መስመሮች ይኖራሉ። እነዚያ ላይ ሐውልት፣ ኪዮስክ፣ የአበባ ሳጥን ምንም አይቀመጥም። በመስመሮቹ መካከል ደግሞ ነጭ ሆነው የቀሩ ደሴቶች አሉ። ዛፉም፣ ወንበሩም፣ ቡና መሸጫውም እዚያ ይግባ። አደባባይ ከመናኸሪያ ጋር የሚዋሐደው በዚህ ነው፤ የሚቸኩለው ሰው ሳይደናቀፍ ያልፋል፣ የማይቸኩለው ደግሞ ሳይገፈተር ይቀመጣል።

እግረ መንገዳችሁን ሰዓት ያዙ። ጤነኛ ጎልማሳ በሰከንድ 1.3 ሜትር ገደማ ይራመዳል። ጉልበቷን የሚያማት እናቴ ከ0.8 አትበልጥም። ከባቡሩ እስከ አውቶቡሱ 150 ሜትር ቢሆን እኔ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እደርሳለሁ፤ እሷ ከሦስት ደቂቃ በላይ ይፈጅባታል፣ መብራት ካስቆማት ደግሞ ይብሳል። ባቡሩ ከገባ ሦስት ደቂቃ ቆይቶ የሚነሳ አውቶቡስ ለእኔ ተገናኝቷል፣ ለእሷ አምልጧል። ርቀቱን በእሷ እርምጃ ለኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የመሀል ከተማ መናኸሪያን አደባባይ የሚበላው ሰው የሚጭን አውቶቡስ ሳይሆን የሚያርፍ አውቶቡስ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በሰዓት 60 አውቶቡስ ይመጣል እንበል። እያንዳንዱ አውርዶ ጭኖ በ3 ደቂቃ ቢወጣ በአንድ ጊዜ ቆመው የሚገኙት በአማካይ 3 ናቸው። አውቶቡስ ተራውን ጠብቆ ስለማይመጣ፣ አንዳንዴም ተያይዞ ስለሚደርስ፣ እኔ 5 ወይም 6 መጫኛ እሰጣለሁ። እነዚያው 60 አውቶቡሶች ሾፌሩ እረፍት እስኪያገኝና የመነሻ ሰዓቱ እስኪደርስ 15 ደቂቃ መጫኛው ላይ ቢቆሙስ? አማካዩ 15 ይሆናል፤ ከመጠባበቂያው ጋር ወደ 20 ይጠጋል። ያው አውቶቡስ፣ ያው ተሳፋሪ ነው። መደበኛ አውቶቡስ 12 ሜትር ነው፤ መዞሪያውን ስትጨምሩበት ልዩነቱ ብቻ የአደባባይ ስፋት አለው።

ስለዚህ መጫኛና ማረፊያን ለዩ። ማረፊያው መሀል ከተማ ውድ መሬት ላይ መሆን የለበትም፤ ከድልድይ ሥር፣ ከባቡር ሐዲድ ጎን፣ ሰው የማይፈልገው ጠባብ ቁራጭ ይበቃዋል። የአምስት ደቂቃ መንገድ ካለፈ ግን አይሠራም፤ ባዶ የሚነዳው ኪሎ ሜትርና ነዳጅ ሾፌሮቹን አንገፍግፏቸው ቀስ በቀስ ወደ መጫኛው ይመለሳሉ። የመነሻ ሰዓታቸው ሲደርስ ተቆጣጣሪ ከማረፊያው በሬዲዮ እየጠራ ያስገባቸዋል። እባካችሁ ደግሞ ለሾፌሮቹ ሽንት ቤትና ጥላ ያለው መቀመጫ ሥሩላቸው። አንድ ሥራ ላይ ይህንን ረስቼ ማረፊያውን አስፋልትና ቀለም ብቻ አድርጌ አስረከብኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አውቶቡሶቹ መጫኛው ላይ ተደርድረው አገኘኋቸው። ተናድጄ አንዱን ሾፌር ለምን ብዬ ብጠይቀው ወደ መናኸሪያው ሽንት ቤት ጠቆመኝ፣ ሌላ ቃል አልተነፈሰም።

ቦታ ከጠበበ አውቶቡሱን ከመሬት በታች ማስገባት ወይም ወደ ላይ ማውጣትም ይቻላል፤ ሁለቱም ተሞክረዋል። በአሜሪካዋ ዴንቨር፣ ዩኒየን ስቴሽን በሚባለው ባቡር ጣቢያ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአውቶቡስ አዳራሽ 22 መጫኛዎቹን ይዞ ከመሬት በታች ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ አውቶቡሶቹን ወደ ላይ አውጥታ ጣሪያው ላይ ከሁለት ሄክታር በላይ የሚሆን መናፈሻ ተከለች። የአውቶቡስ ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 ተከፍቶ በሚቀጥለው ወር የብረት ተሸካሚዎቹ ላይ ስንጥቅ ስለተገኘ ተዘጋ፤ ዳግም የተከፈተው በ2019 ነው። መናፈሻው ውብ ነው፤ ግን ለመናፈስ ብሎ ለሚወጣ ሰው እንጂ አውቶቡስ ለመቀየር አራት ደቂቃ ለቀረው ሰው አይደለም። ምርጫው ካላችሁ አደባባዩን መሬት ላይ አስቀሩት። እኔን የሚያስቀናኝ የሆላንዷ ሮተርዳም ዋና ባቡር ጣቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራው ሲያልቅ መኪናው በአደባባዩ ሥር በዋሻ እንዲያልፍ ተደረገ፣ ትራሙ ወደ ጎን ሄደ፣ ከጣቢያው በር እስከ ከተማው ያለው ፊት ለእግረኛ ተተወ። ከባቡር ወርዶ ቀና ያለ ሰው የሚያየው ከተማውን ነው።

ስለ ወንበር ረጅም ክርክር ሰምቻለሁ፤ ለእኔ ያለቀ ነገር ነው። አሜሪካዊው የከተማ ኑሮ አጥኚ ዊልያም ኋይት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኒው ዮርክን አደባባዮች በካሜራ እየቀረጸ ሲያጠና ያገኘው፣ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ቦታ መሆኑን ነው። የሚያስቅ ይመስላል፤ እሱም ራሱ ሳይገርመው አልቀረም። ከተማዋ ያወጣችው ደንብ በሜትር ሲቀየር ለ9 ካሬ ሜትር ገደማ አንድ ሜትር መቀመጫ ይላል፤ እኔም ከዚያ እነሳለሁ። መናኸሪያ ላይ ግን አንድ ነገር ይጨመራል። የሚጠብቅ ሰው አውቶቡሱ ወይም የመነሻ ሰሌዳው የማይታይበት ቦታ አይቀመጥም፤ ጥላ ቢኖረው እንኳ ፀሐይ ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል። እያንዳንዱን ወንበር ስትስሉ ከተቀመጠ ሰው ዓይን ተነስታችሁ እስከ ሰሌዳው መስመር ዘርጉ፤ ዛፍ ከመሀል ከገባ ወይ ዛፉ ወይ ወንበሩ ይነሳ።

ከፍታን በተመለከተ አጭር ነው። ደረጃ ካለ አጠገቡ ራምፕ፣ ማለትም ደረጃ የሌለው ተዳፋት መንገድ፣ ይኑር፤ ቁመቱ አንድ ሲሆን ርዝመቱ ከአሥራ ሁለት አይነስ። እ.ኤ.አ. በ1913 የተከፈተው የኒው ዮርኩ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ያን ሁሉ ሕዝብ በራምፕ እያንሸራሸረ ያስገባል። ለዓይነ ስውራን የሚሠራው ጉጥ ጉጥ ያለው ንጣፍ የጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ ፈጠራ ነው፤ መጀመሪያ ኦካያማ ከተማ ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 ተነጠፈ። ንጣፉን ከበር እስከ መጫኛ ሳታቋርጡ ዘርጉት። ግማሽ መንገድ ላይ ማስታወቂያ ሰሌዳ የተተከለበትን አይቻለሁ፤ በትር ይዞ የመጣው ሰው ጭልጥ ብሎ ሄዶ ተላተመ።

ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ደግሞ ወረቀት ላይ አንድ ቀይ መስመር አስምሩ፦ የትራንስፖርቱ መሥሪያ ቤት ኃላፊነት የት ያበቃል፣ የማዘጋጃ ቤቱ ከየት ይጀምራል? ማን ይጠርጋል፣ የተቃጠለ አምፖል ማን ይቀይራል? ሁለቱንም አስፈርሙ። ይህ ሳይደረግ በቀረበት አንድ ቦታ ንጣፉ እስከ አንድ መስመር ድረስ ተወልውሎ ያበራል፤ ከዚያ ወዲያ ላስቲክና ቆሻሻ ነው።

በመጨረሻ ኖራና የፕላስቲክ ኮን ይዛችሁ አንድ እሑድ ባዶ ሜዳ ላይ ንድፉን በልኩ ሳሉትና እውነተኛ አውቶቡስ አስነዱበት። ኮምፒውተሩ ይዞራል ካለ በኋላም ቢሆን አድርጉት። እኛ ስናደርገው ሾፌሩ ከመጫኛው ጠርዝ ሲነሳ መሪውን አጠፈና የአውቶቡሱ ጭራ እግረኛው ወዳለበት ጠርዝ ተወረወረ፤ ወንበር ብዬ ያቆምኩትን ካርቶን ጠራርጎ ወሰደው። ሾፌሩ ወርዶ ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየ። እኔም ኖራዬን አንስቼ ወንበሩን ሁለት ሜትር ወደ ኋላ መለስኩት።